በታፔላ ላይ ስለ ተንጠለጠለችው ጭረት

ሰው ቤት ከፍቶ በደጁ ላይ ስም ሲጽፍ፥ ለሚያውቀው ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ለማያውቀው መንገደኛ ሁሉ ቃሉን መስጠቱ ነው። በደብዳቤ ላይ የተሠራ ስሕተት የሚታየው ለተቀባዩ ነው፤ በመጽሐፍ ላይ የተሠራም ለገዛው ሰው ነው፤ ታፔላን ግን ፊደል የቈጠረ ሁሉ፥ ቢወድም ባይወድም፥ ያነብበዋል። ገና ፊደል በመለየት ላይ ያለ ሕፃን እንኳ የእናቱን እጅ ይዞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፥ ጮኾ አንብቦ የሚፈነድቀው በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን አይደለም፤ የሱቁን ስም ነው። ስለዚህ ስለ ንግድ ቤቶችና ስለ ማኅበሮች ስም አጻጻፍ ጥቂት ቃል ለመናገር ስንነሣ፥ «ለአንዲት ጭረት ይህን ያህል ወረቀት!» ብሎ የሚገረም አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን አስቀድመን እንለምነዋለን።

ነገሩን ወደ ልባችን ያስገባው አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ነው። ባለቤቲቱ ከእኛ ጋር የቆየ ጉርብትና ያላቸው ሴት ናቸው። እናታቸው በሕይወት ሳሉ በሰፈሩ እንጀራ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ነበሩና፥ ልጅዮዋ በተራቸው ምግብ ቤት ሲከፍቱ በእናታቸው ስም ሊሰይሙት ወደዱ። የእናቲቱን ስም እዚህ መጥቀስ አይገባንምና አልማዝ እንበላቸው። የታፔላውን ነገር ለአንድ ወጣት ዘመዳቸው ሰጡት፤ እርሱም በሦስተኛው ቀን መብራት ያለበትና ዐይን የሚማርክ ታፔላ አሰቀለ። ከላይ በላቲን፥ ከታች በእኛ ፊደል፥ «አልማዝ'ስ ምግብ ቤት» ይላል።

በመክፈቻው ዕለት ከተጠሩት ጎረቤቶች አንድ አዛውንት ደጃፉ ላይ ቆመው፥ በትራቸውን ተደግፈው፥ ጮኽ ብለው አነበቡ። «አልማዝስ?» አሉና ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «አልማዝማ ዐረፈች እኮ! ማነው አሁን የሚጠይቀው?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቲቱ ግን አልሳቁም። ኋላ እንደ ነገሩን፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት በሩን ሲከፍቱ ያ ታፔላ ስለ እናታቸው የሚጠይቃቸው እየመሰላቸው ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም።

እኚህ አዛውንት ቀልድ ለመፍጠር አላነበቡም፤ በትክክል አነበቡ። «ስ» በእንግሊዝኛ ከስም በኋላ ስትለጠፍ ባለቤትነትን ታሳያለች፤ በአማርኛ ግን ይህችው ድምፅ የቆየ ሌላ ሥራ አላት። «እኔ ደኅና ነኝ፤ አንተስ?» ስንል የምትጠይቅልን እርሷ ናት። «ሌላው ይሂድ፤ እኔስ አልሄድም» ስንልም አንዱን ከሌላው የምትለይልን እርሷው ናት። እንግዲህ «አልማዝስ» የሚለውን አማርኛ ዐዋቂ ሲያነብበው፥ ወይ «አልማዝ የት አለች?» የሚል ጥያቄ፥ ወይ «የሌላውን አላውቅም፤ አልማዝ ግን» ብሎ ሳይጨረስ የቀረ ወግ ይሰማል እንጂ፥ የአልማዝ የሆነ ቤት አይሰማም። ለባለቤትነት እኛ «የ» አለችን። ከስሙ ፊት ተቀምጣ፥ ስሙ ገና ሳይጠራ፥ ነገሩ ባለቤት እንዳለው ታስታውቃለች። በዋናው በር ቆማ እንግዳ የምትቀበለውን ይህችን ፊደል አሰናብቶ በጓሮ በኩል «ስ»ን ማስገባት ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ጭረቷስ ራሷ ማን ናት? አፖስትሮፍ የሚለው ስሟ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ፍችውም ዘወር ማለት፥ ፊትን መመለስ ነው። እንግሊዞች ወደ ጽሕፈታቸው ያስገቧት በ16ኛው ምእት ዓመት ሲሆን፥ መጀመሪያ የተቀጠረችውም ከቃል ውስጥ ፊደል ሲወድቅ «እዚህ ላይ የወደቀ አለ» ብላ በቦታው እንድትቆም ነበር። በጥንቱ እንግሊዝኛ የብዙ ስሞች የባለቤትነት ጭራ በሁለት ፊደሎች ይጻፍ ነበር፤ በጊዜ ብዛት ከሁለቱ አንደኛው፥ አናባቢው፥ ከሰው አነጋገር ጠፋ፤ ጭረቷም እንደ መቃብር ድንጋይ በሟቹ ቦታ ተተከለች። በሥርዐቷ ለሚጠቀሙባት ትርጕም አላት ማለት ነው፤ የወደቀውን ታስታውሳለች፥ የአንዱን ንብረት ከብዙዎቹ ቍጥር ትለያለች።

ባለቤቶቿም ቢሆኑ ከእርሷ ጋር ሰላም የላቸውም። በእንግሊዝ አገር የአትክልት ነጋዴዎች «ፖም» ብዙ ነው ለማለት በዋጋ መጻፊያቸው ላይ ከቃሉ መካከል ጭረቷን ስለሚያንጠለጥሉ፥ ይህ ስሕተት የአትክልት ነጋዴ አፖስትሮፍ ተብሎ መጠሪያ እስከ ማግኘት ደርሷል። የታወቁት የሎንዶን መደብሮች ሃሮድስና ሰልፍሪጅስ በመሥራቾቻቸው ስም የተጠሩ ሆነው ሳለ ዛሬ ያለ ጭረት ይጻፋሉ፤ ሴንስበሪስና ማክዶናልድስ ግን ከነጭረታቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው ዋተርስቶንስ የተባለው የመጻሕፍት መደብር እ.ኤ.አ. በ2012 ጭረቷን ከስሙ ባወረደ ጊዜ፥ መጻሕፍት ሻጭ ይህን ካደረገ ሌላው ምን ሊያደርግ ነው ያሉ ብዙዎች ተቈጡ፤ የመደብሩ ሰዎች ግን ለኢንተርኔት አድራሻ የሚመቸው ያለ ጭረት የተጻፈው ነው ብለው መለሱ። ጆን ሪቻርድስ የተባሉ ጡረተኛ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ጭረቷ የሚሟገት ማኅበር አቋቁመው፥ በየሱቁ ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረው፥ እ.ኤ.አ. በ2019 ማኅበሩን መዝጋታቸውን አስታወቁ፤ ከእርሳቸው በኋላ ግን ሥራውን ሌሎች ተረከቡት። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1890 የተቋቋመው የቦታ ስሞች ቦርድ ጭረቷን ከጥቂት ስሞች በቀር አይቀበልም፤ ማርታስ ቪንያርድ የተባለችው ደሴት የራሷን ያስመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው በእነርሱ ለመሣለቅ አይደለም። ስለ ራሳቸው ጭረት በራሳቸው ቋንቋ መከራከራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። የእኛ ነገር ግን ሌላ ነው። እነርሱ የነበራቸውን ማውረድ ወይስ ማቆየት ይሻላል ብለው ሲከራከሩ፥ እኛ ማንም ሳይከራከርበት፥ ያልነበረንን እንሰቅላለን።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህን ስንነግራቸው እንዲህ ብለው ይመልሱልናል። «በባለቤትነቱ ‹ስ› እንስማማለን። ነገር ግን ‹የእኛ› ሲያጥር ‹የ'ኛ› ተብሎ ቢጻፍ፥ ‹በአገሩ› ሲያጥር ‹ባ'ገሩ› ተብሎ ቢጻፍ ምን ይጐዳል? እዚህስ የወደቀ ፊደል አለ አይደለምን?» ጥያቄው ተገቢ ነውና በማቃለል አናልፈውም።

የላቲን ጽሕፈት ተናባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ያቆማል፤ አንዱ ሲወድቅ በመስመሩ ላይ ክፍተት ይቀራል፤ ክፍተቱን የሚያመለክት ዘበኛ ያስፈልገዋል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን በገዛ አካሉ ይሸከማል። «የ» እና «አገር» ሲገናኙ «የ» ተነሥታ «ያ» ትሆናለች፤ «በ» እና «አገር» ሲገናኙ «ባ» ትሆናለች። የወደቀ ነገር የለም፤ «አ» ወደ ጎረቤቱ ቤት ገብቶ ተቀምጧል፤ መግባቱንም የፊደሉ እግር ራሱ ይመሰክራል። «የኛ» እና «ለኔ» በሚሉትም፥ «እ» በአነጋገር ስለ ቀረች በጽሕፈት ቀረች፤ ማንም አንባቢ ያለ ጭረት ቢያገኛት አይሰናከልም።

ለዚህ ምስክር የሚሻ ሰው ቢኖር ሩቅ አይሂድ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደቀ መዝሙር የነበሩት ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙትን ታላቅ መጽሐፍ ያንሣና ገና ሳይገልጠው ሽፋኑን ይመልከት። «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል፤ ከሥሩም «በካህናትና ባገር ሰብ ቋንቋ» የሚል አለ። «ያማርኛ» አሉ፤ «ባገር» አሉ። ለእያንዳንዱ ቃል ሥሩን ሲቈፍሩ፥ «ሀ»ን ከ«ሐ» እና ከ«ኀ» ሲለዩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው፥ በመጽሐፋቸው ግንባር ላይ ሁለት ጊዜ ቃል አሳጥረው አንዲት ጭረት እንኳ አላስፈለገቻቸውም። ለእርሳቸው ያላስፈለገች ለጭማቂ ቤት ታፔላ እንዴት አስፈለገች?

በነገራችን ላይ፥ ጽሕፈታችን በእውነት የጐደለው ነገር አለ። ማጥበቅና ማላላትን አንለይም። የልደት በዓል የሆነው «ገና» እና ጊዜው አልደረሰም የሚለው «ገና» በወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ ተናገረ የሚለው «አለ» እና ይኖራል የሚለው «አለ» እንዲሁ። ሊቃውንት ለዚህ ከፊደሉ ራስ በላይ የሚቀመጥ የማጥበቂያ ምልክት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ምልክት መጨመር የሚወድ ባለ ሱቅ ቢኖርና በዚህ በኩል ቢመጣልን በደስታ እንቀበለው ነበር። ማንም ግን አልመጣም።

ከጭረቷ ጋር የሚዛመድ ሌላ ጥፋት ደግሞ አለ፤ እርሱም ያለ ቦታ የተተወ ክፍተት ነው። «ና» የምትባለው አጣማሪ ከፊተኛው ቃል ጋር ተጣብቃ መጻፍ ይገባታል። በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ጋዜጣ «ብርሃንና ሰላም» ተባለ እንጂ «ብርሃን ና ሰላም» አልተባለም። ዛሬ ግን «ከበደ ና ልጆቹ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ እናያለን። እንደ ተጻፈ ቢነበብ ከበደን የሚጠራ ነው፤ «ከበደ፥ ና!» ይላል፤ ልጆቹ ግን ምን እንደሚያደርጉ አይናገርም። ይህ እንዳይሆን ያሰበ ሌላው ደግሞ «ከበደ'ና ልጆቹ» ብሎ ያችኑ ጭረት ይጠራታል። ቀድሞ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ይደረግ በነበረበት ጊዜ፥ ጸሓፊው አንድ ቃል የት እንደሚያልቅ ሳያስብ ነጥቡን ሊያኖር አይችልም ነበር። ሁለቱ ነጥቦች ከኅትመት ሲቀሩ ከነጥቦቹ ጋር ማሰቡም አብሮ ቀረ መሰለን። መሣሪያ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፥ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ሲመዘገብ ሁለት ነጥቡም፥ አራት ነጥቡም፥ ሰረዞቹም ሁሉ አብረው ገብተዋል፤ ዛሬ በየሰዉ ስልክ ውስጥ አሉ።

አሁን ደግሞ ሣቅ ወደማያስከትለው ወደ እዝባር እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው ሐረግ ማኅበሩን ከስሙ ጋር እንዲከተለው ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ከማኅበሩ ጋር የሚዋዋል ሰው፥ ዕዳ ቢመጣ የአባላቱ የግል ሀብት እንደማይጠየቅ አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው። ሐረጉ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ጌጥ አይደለም። ይህ ማስጠንቀቂያ በታፔላው ላይ ምን ሆኖ ይታያል? «ኃ/የተ/የግ/ማ» ይላል አንዱ፤ ሌላው «ኃላ/የተ/የግ/ማህ» ይላል፤ ሦስተኛው በነጥብ «ሃ.የተ.የግ.ማ» ይላል፤ አራተኛው ነጥቡንም እዝባሩንም ትቶ በአንድ ትንፋሽ «ሀየተየግማ» ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ እንዲያውም በታፔላው አንድ፥ በማኅተሙ ሌላ፥ በደረሰኙ ሦስተኛ ዐይነት አለው።

እዝባር በልማድ የሚገባው ቃሉ ከመካከሉ ሲቈረጥ ነው፤ «ዶ/ር» እና «ወ/ሮ» ስንጽፍ መነሻውና መድረሻው ይቀራሉ፥ እዝባሩም የጐደለውን መካከል ይጠቁማል። ቃሉ ከጭራው ሲቈረጥ ግን «ዓ.ም.» እንደምንለው ነጥብ ይበቃዋል። «ኃ/የተ/የግ/ማ» ውስጥ ከመካከሉ የተቈረጠ ቃል የትኛው ነው? ይህም ሳያንስ እዝባር በሌላ ቦታ «ወይም» ማለት ሆኖ ያገለግላል፤ እንግዳ ሰው ቢያነብበው «ኃላፊነቱ ወይም የተወሰነ ወይም የግል» ብሎ ይረዳው ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ማንንም የማያስጠነቅቅ ሆነ ማለት ነው።

ጕዳቱ በኪስም ይደርሳል። የምናውቃቸው አንድ ነጋዴ ከደንበኛቸው የተቀበሉትን ቼክ ወደ አንድ ባንክ ይዘው ቢሄዱ፥ በቼኩ ላይ የማኅበራቸው ስም በእዝባር፥ በሒሳቡ መዝገብ ላይ ደግሞ በነጥብ፥ ያውም በሌላ «ሀ» የተጻፈ ሆኖ በመገኘቱ፥ «ስሙ አንድ አይደለም» ተብሎ ተመለሰላቸው። ቼኩን የጻፈው ደንበኛ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር። እርሱ እስኪመለስ ድረስ ለሠራተኞቻቸው የሚከፍሉት ደመወዝ ዘገየ። የባንኩ ጸሓፊ ጥንቃቄ ማድረጉ ያስነቅፈዋል ለማለት አንደፍርም፤ ለእርሱ መዝገቡ ነው የሚናገረው። ነገር ግን አምስት ሠራተኞች የወር ገንዘባቸውን በአንዲት ነጥብ ምክንያት ሲጠባበቁ የሰነበቱበት አገር፥ ሥርዐተ ነጥብ የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው ሊል አይችልም።

በዚህ ሁሉ ላይ ታፔላ ሠሪዎችን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛም መጀመሪያ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ከአንዱ ሱቅ ገብተን፥ በኮምፒዩተሩ ፊት ለተቀመጠው ወጣት ያችን ጭረት አሳየነውና ስለ ምን እንዳስገባት ጠየቅነው።

«ጋሼ፥ እኔ ደንበኛው በስልክ የላከልኝን ነው የማወጣው» አለን። «ባስተካክለው ‹ማን ንካ አለህ› ይለኛል፤ ገንዘቤንም ይይዝብኛል።»

«አንተ ስታየው ትክክል ይመስልሃል?»

«አይመስለኝም። ግን ያለ እርሷ ዘመናዊ አይሆንም ይሉኛል።»

«ለእርሷ ታዲያ ስንት ታስከፍላለህ?»

ሳቀና «እርሷ በነጻ ናት» አለን።

የክርክራችን ዋና ነገር በዚህ ወጣት ቃል ውስጥ አለ። ጭረቷ የተሰቀለችው አንድ ነገር ለመናገር አይደለም፤ ዘመናዊ ለመምሰል ነው። ላቲኑን ለውጭ አገር እንግዳ መጻፍ ማንም አይከለክልም፤ እኛም አንቃወምም፤ እንዲያውም በላቲን ሲጻፍ ጭረቷን በቦታዋ ማኖር ለዚያ ቋንቋ የሚገባ አክብሮት ነው። የምንቃወመው፥ የላቲኑን ጥላ አንሥቶ በአማርኛው ላይ መዘርጋቱን ነው። በአማርኛው መስመር የሚያነብበው እኮ ያ እንግዳ አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ነው፤ በትሩን ተደግፎ የቆመው አዛውንት ነው።

የንግድ ስም የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት አንድ ስም ከሌላው ጋር እንዳይመሳሰል በጥንቃቄ ይመረምራል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን «የአልማዝ»፥ «አልማዝስ» እና «አልማዝ'ስ» የሚሉ ሦስት ሰዎች በአንድ ቀን ቢቀርቡለት፥ ስሙ አንድ ነው ይላል ወይስ ሦስት? አንድ ነው ካለ፥ ጭረቷና «ስ» ምንም እንዳልሆኑ መመስከሩ ነውና ከመዝገቡ ያስወጣቸው። ሦስት ነው ካለ ደግሞ፥ ነገ አንዱ የሌላውን ገበያ ሲሻማ ዳኛው በጭረት ርዝመት ሊፈርድ ነው። በዚያ ቢሮ አማርኛ የተማረ አንድ ሰው ተቀምጦ ስሙን ከመዝገብ በፊት ቢያነብብ፥ ጮክ ብሎ ቢያነብብ፥ ብዙው ነገር በዚያው ይቀር ነበር። የማኅበሩም ሐረግ አጭር አጻጻፍ አንድ ሆኖ ቢወሰን፥ ቼክ ይዞ የሚመላለሰው ሰው ያመሰግናል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው ዐዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን የሚያቋቁመውን ማኅበር ፈቅዷልና ሐረጉ ከቀድሞው ይልቅ ረዝሟል፤ ገና ስንት ዐይነት አቈራረጥ እንደሚወለድለት ስናስብ ከአሁኑ ያሠጋናል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ብዙ አሮጌ ታፔላዎች ከቤቶቻቸው ጋር ተነሥተው ዐዳዲሶች ተሰቅለዋል፤ መልካም አጋጣሚ ነበር፤ ቀለሙ ታሰበበት፥ መብራቱ ታሰበበት፤ ፊደሉን ግን ያየው አልነበረም።

ወደ ጎረቤታችን እንመለስ። ወር ሳይሞላ ታፔላውን አስወረዱት፤ ዐዲሱ ምን ተብሎ ቢጻፍ እንደሚሻልም ጠየቁን። «የአልማዝ ምግብ ቤት» ቢሉም፥ «ያልማዝ ምግብ ቤት» ቢሉም ትክክል ነው አልናቸው። ጥቂት አሰቡና፥ «እናቴ ‹ያልማዝ› ነበር የምትለው፤ እንጀራ ስታስልከኝ ‹ያልማዝ ነው በያቸው› ትለኝ ነበር» ብለው እርሱን መረጡ። ያ ወጣት ዘመዳቸው ጽሑፉን አሠርቶ ሲያመጣ ጭረት የለበትም፤ «ስ»ም የለበትም፤ ነገር ግን በነጻ ነው ብለውት ይሁን ወይም እኛን ደስ ለማሰኘት፥ በስሙ መጨረሻ ላይ ትልቅ አራት ነጥብ አስደርጎበታል። ለስም አራት ነጥብ አይገባውም ልንል ስንል ባለቤቲቱ ቀና ብለው ታፔላውን ሲመለከቱ አየናቸውና ዝም አልን።